ጉድጓድ ውሃና ጨረር፦ ድንጋዩ ምን ይይዛል? መቼስ ይለቃል?

ባለፈው በጋ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር ከጎን ቆሜ ነበር። ጎንደር ውስጥ ውሃ በወረፋ ነው። ሌሊት "መጣች!" ሲባል ዘሎ ተነስቶ ጀሪካን መደርደር የለመደ ሰው፣ ጉድጓድ ሲቆፈር እያየ ዝም ብሎ አያልፍም።

ቁፋሮው እየጠለቀ ሲሄድ የሚወጣው አፈር መልኩ ይቀያየራል። መጀመሪያ ጥቁሩ ዋልካ ወጣ፤ አካፋ ላይ እንደ ሊጥ ሙጭጭ የሚል። ቀጥሎ ቀላ ያለ፣ ዝገት የመሰለ አፈር መጣ። ከዚያ በእጅ ሲጨብጡት የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ፤ የፋሲል ግንብ የተሠራበት ዓይነት።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ያንን ድንጋይ በመዶሻ ሲመታው ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹን ጨው የመሰለ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሞልቷቸዋል። የግቢው ባለቤት እማማ ጎንበስ ብለው አዩትና ፊታቸው ተቀየረ። "ልጄ፣ ጨረር አለው የሚሉት ይሄ ነው እንዴ?" አሉኝ። የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይ ጨረር ይዞ ይወጣል የሚል ቪዲዮ የልጅ ልጃቸው በስልክ አሳይታቸው ኖሯል።

ፍርሃታቸውን አልናቅኩትም። ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱ ግን እሳቸው እንደጠበቁት አልነበረም። ያ ነጭ ነገር ከጨረር አመንጪዎቹ ወገን አይደለም። እንዲያውም ከሚይዟቸው ወገን ነው።

ሎሚ አስመጣሁና ጨመቅንበት። አልፈላም። ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ቢሆን አረፋ ይደፍቅ ነበር። በቢላ ጫፍ ሞከርኩት፤ ተፋቀ። ኳርትዝ ቢሆን ደግሞ ቢላው አይደፍረውም። ስለዚህ ዜኦላይት ሳይሆን አይቀርም። ዜኦላይት ውስጡ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማዕድን ነው፤ ወንፊት በሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ፣ ከተበከለው ውሃ ውስጥ ሲዚየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ለቅሞ ለማውጣት የተጠቀሙት ዜኦላይትን ነው። በ2011 ፉኩሺማ ላይም ሥራ ላይ ውሏል።

ከመነሻው እንጀምር። ጨረር የሚያመነጩት ዩራኒየምና ቶሪየም በየትኛውም ድንጋይ ውስጥ በጥቂቱ አሉ። አንድ ቶን ግራናይት ውስጥ ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ዩራኒየም ይገኛል። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ግን ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ ቀልጦ የፈሰሰ። ባዛልት በአንድ ቶን ውስጥ የሚይዘው ዩራኒየም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ግራም በታች ነው። ዩራኒየም እየፈረሰ ሲሄድ ራዲየም ይወልዳል፤ ራዲየም ደግሞ ራዶን የተባለውን ጋዝ። እነዚህ የተፈጥሮ ናቸው። ከቦምብና ከኑክሌር ጣቢያ የሚመጡት ሌሎች ናቸው፦ ሲዚየም፣ ስትሮንሺየም፣ አዮዲን፣ ፕሉቶኒየም።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ፖዘቲቭ አሉ፣ ኔጋቲቭ አሉ። የሸክላ አፈር ቅንጣት ገጽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኔጋቲቭ ነው። የቀረው መሳሳብና መገፋፋት ነው፤ ፖዘቲቩን ጠርቶ ያስቀምጠዋል፣ ኔጋቲቩን ይገፋዋል። በቃ፣ የነገሩ ግማሽ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይበልጥ ይገርማል።

አንድ ሰው ከፒያሳ ተነስቶ ወደ አዘዞ በእግሩ ይሂድ እንበል። መንገዱን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ሞልቷል። አንዱ ጋ "እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቱስ?" ይባላል። ሌላው ቡና ጠጣ ብሎ ያስቀምጠዋል። ተነስቶ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ሌላ ዘመድ ያገኛል። አብሮት የተነሳው እንግዳ ሰው ግን ማንንም ስለማያውቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሁለቱ የእግር ፍጥነት እኩል ነው። ልዩነቱ በየመንገዱ የሚቆሙት ጊዜ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥም እንዲሁ ነው። ሲዚየም መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ነው። በየሸክላው ቅንጣት ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። አዮዲን ኔጋቲቭ ስለሆነ ማንም "ና ተቀመጥ" አይለውም፤ ከውሃው እኩል ይሮጣል። ባለሙያዎች ይህንን በቁጥር ይለኩታል። አንድ ንጥረ ነገር ከውሃው ስንት እጥፍ ዘግይቶ እንደሚጓዝ ያሰላሉ።

ለምሳሌ ያህል ውሃው በዓመት 100 ሜትር ይጓዛል እንበል። ሲዚየሙ ደግሞ 1000 እጥፍ ይዘገያል እንበል። ይህ በሸክላማ መሬት ላይ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። እንግዲህ አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በቆረቆሩበት በ1636 እ.ኤ.አ. አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ አብረው ጉዞ ቢጀምሩ፣ ውሃው ዛሬ 39 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ወደ ጣና ዳርቻ የሚጠጋ ርቀት ነው። ሲዚየሙ የሄደው 39 ሜትር ብቻ ነው። ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው እንኳ በቅጡ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ ያግዛል። ሲዚየም 137 በየ30 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። በ390 ዓመት ውስጥ 13 ጊዜ ተጋምሷል ማለት ነው። ከ8000 እጁ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። ድንጋዩ ሥራው ለዘላለም መያዝ አይደለም፤ ንጥረ ነገሩ በራሱ ጊዜ እስኪከስም ድረስ ማቆየት ነው። ለሲዚየም ይህ ይበቃል። ለአዮዲን 129 ግን አይበቃም፤ ግማሽ ዕድሜው ወደ 16 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ነው፣ ያውም የሚይዘው የለም። የኑክሌር ቆሻሻ የሚቀብሩ አገሮች እንቅልፍ የሚያጡት በእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ሲዚየም ለምን እንዲህ ይጣበቃል? እንጀራ ደራርባችሁ መሶብ ውስጥ አስቀምጡ። ሲያድር ጠርዙ ደረቅ ብሎ ብድግ ይላል፤ በሁለቱ እንጀራ መካከል ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። ኢላይት የሚባለው የሸክላ ማዕድንም ልክ እንዲህ የተደራረበ ነው። ጠርዙ በውሃና በጊዜ ብዛት ተገልጦ ይነሳል። ሲዚየም በዚያ ክፍተት ልክ የተሰፋ ይመስል ሹልክ ብሎ ይገባል። ከገባ በኋላ ንብርብሩ ተመልሶ ይጫነዋል። ከዚያ ወዲያ ለማውጣት ጭንቅ ነው።

ለዚህ ነው የዩክሬኑ የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ ከ1986 ወዲህ ካልታረሰው መሬት ላይ ሲዚየሙ አሁንም በአብዛኛው ላይኛው አፈር ውስጥ፣ በሴንቲሜትር በሚቆጠር ጥልቀት የሚገኘው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኃያላኑ በሰማይ ላይ ቦምብ ሲፈትኑ የተበተነውም እንዲሁ ነው። ዝናብ አውርዶት በዓለም አፈር ሁሉ ላይ አርፏል፤ የኢትዮጵያን ደጋ ጨምሮ። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ግን ይለካል። አጥኚዎች ለደግ ነገር ተጠቅመውበታል። ከአንድ ማሳ ላይ ሲዚየሙ ከጎደለ አፈሩ በጎርፍ ሄዷል ማለት ነውና፣ ስንት አፈር እንደታጠበ ያሰሉበታል። ክረምት ላይ አንገረብ ደፍርሶ ደለል ተሸክሞ ሲወርድ ያቺን ትንሽ ሲዚየምም ሸክላው ላይ ሙጥኝ እንዳለች ይዞ ነው የሚወርደው።

ስትሮንሺየም ከሲዚየም ላላ ያለ ነው። ጠባዩ ካልሲየምን ይመስላል። ኖራ ባለበት ካልሲየምን ተክቶ ይቀመጣል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባም እንዲሁ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። ውሃው ካልሲየም ከበዛበት ግን ወንበሩን ይነጠቃል።

አሁን ወደ ዩራኒየም እንምጣ። ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው፤ ለጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከሁሉም የሚመለከተን።

ዩራኒየም ሁለት ባሕርይ አለው። ኦክሲጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ይጓዛል። ኦክሲጅን በሌለበት ደግሞ ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል፤ ንቅንቅ አይልም። በጥልቁ፣ የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ወይም ድኝ ያዘለ የብረት ማዕድን ባለበት ቦታ ኦክሲጅን ስለሚያልቅ ዩራኒየም እዚያ ይቋጠራል። ብዙዎቹ የዩራኒየም ማውጫዎች የተፈጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ካናዳ ውስጥ ሲጋር ሌክ የሚባል ክምችት አለ። ከመሬት በታች ከ400 ሜትር በላይ ጠልቆ፣ በሸክላ ተከቦ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ተቀምጧል። ከላይ ስትሄዱበት ምንም ምልክት የለውም።

የሟሟው ዩራኒየም ቢሆን ያለ ከልካይ አይሄድም። ዝገት ይይዘዋል። ከእማማ ጉድጓድ የወጣው ቀዩ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው፤ ዩራኒየም ደግሞ ዝገት ላይ መለጠፍ ይወዳል። ይህ ግን በውሃው ጠባይ ይወሰናል። ውሃው ኮምጠጥ ካለ የዝገቱ ገጽ ራሱ ፖዘቲቭ ይሆንና ፖዘቲቩን ዩራኒየም ይገፋዋል። አሲድም ያልሆነ፣ ብዙም ያልከረረ ውሃ ውስጥ አጥብቆ ይይዘዋል። ውሃው ካርቦኔት (ኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ዓይነት) ከበዛበት ግን ነገሩ ይበላሻል። ካርቦኔት ዩራኒየምን ክንዱን ይዞ ከዝገቱ ላይ ያስነሳዋል። አብረው ይነጉዳሉ።

ስለዚህ "ይህ ድንጋይ ዩራኒየም ይይዛል ወይስ አይይዝም?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ያው ድንጋይ፣ ያው ዩራኒየም፣ ውሃው ሲለወጥ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ሰው "መሬት ያጣራዋል" ሲል በሰማሁ ቁጥር የምለው ይህንን ነው። ጋን አስቡ። ጠላ የተጠመቀበት ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ሸክላው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት ነገር ያንን የወይራ ሽታ መልሶ ይወስዳል፤ የጠላው ጣዕም ከዚያ ነው። ሸክላ ይይዛል፣ ሸክላ ይለቃል። መሬትም ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።

ሲለቅ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድ የተባለ ቦታ ለቦምብ ፕሉቶኒየም ይመረት ነበር። ፈሳሽ ቆሻሻው ከተቀበሩ ታንኮች ውስጥ አፈተለከ። ሲዚየሙ ላይኛው አፈር ላይ ይቀራል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ይሁን እንጂ ቆሻሻው እጅግ ጨዋማ ነበር። ሶዲየሙ በብዛቱ ወንበሮቹን ሁሉ ያዘ፤ ሲዚየሙ መቀመጫ ሲያጣ ከተገመተው በላይ ጠልቆ ወረደ። ራዲየምም በጨዋማ ውሃ ውስጥ እንዲሁ ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሸክላ ላይ ቁጭ ያለው፣ ጨው ሲበዛ ተነስቶ ይሄዳል።

ፕሉቶኒየም ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። ድንጋይ ላይ በኃይል ስለሚጣበቅ የትም አይሄድም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኔቫዳ ውስጥ ከመሬት በታች ቦምብ ከተፈተነበት ቦታ 1.3 ኪሎ ሜትር ርቆ ፕሉቶኒየም አገኘ። የቦምብ ሙከራው የተካሄደው በ1968 ነበር። ምን ሆነ? ፕሉቶኒየሙ እንደተባለው ተጣብቋል። ግን የተጣበቀበት ድንጋይ ራሱ ተንቀሳቃሽ ነበር፤ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች። ስሌቱ ተሳፋሪውን እንጂ መኪናውን አልቆጠረም ነበር።

የሚያጽናናም አለ። ጋቦን ውስጥ፣ ኦክሎ በተባለ ቦታ፣ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት በራሷ የኑክሌር ምድጃ አንድዳለች። ሰው ሳይኖር፣ ውሃና ዩራኒየም ብቻ ተገናኝተው። ይህ የታወቀው በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ከኦክሎ የመጣው ማዕድን ውስጥ አንዱ የዩራኒየም ዓይነት መሆን ከነበረበት 0.720 በመቶ ጎድሎ 0.717 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚህች ቅንጣት ጉድለት ተነስተው ነው የደረሱበት። እዚያ የተፈጠረው ፕሉቶኒየም ፈርሶ እስኪያልቅ ድረስ ከተወለደበት ቦታ ብዙም አልራቀም። ሲዚየምና አዮዲን የመሳሰሉት ግን አብዛኛው ጥለው ሄደዋል። እኔ ኦክሎን ለሁለቱም ወገን ምስክር አድርጌ ነው የማየው። "ሁሉም ይቀራል" የሚሉም "ምንም አይቀርም" የሚሉም ሊያዩት ይገባል።

ፊንላንድ አሁን የኑክሌር ነዳጅ ቆሻሻዋን ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ድንጋይ ውስጥ ለመቅበር ዋሻ ሠርታለች። ቆሻሻው በመዳብ ዕቃ ይታሸግና ዙሪያው ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ ይጠቀጠቃል። ቤንቶናይት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ያመለጠውን ይይዛል። የእኛ ዋልካ የቅርብ ዘመዱ ነው። ክረምት ሲያብጥ ጫማ የሚውጠው፣ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ዋልካ።

እማማ ይህንን ሁሉ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ "ልጠጣው ወይስ ልተወው?" ነው። ስለዚህ ለእሳቸው ያልኩትን እዚህም ልድገመው።

የተቀመጡበት ድንጋይ ዩራኒየም በማብዛት አይታወቅም። በላዩ ቀይ አፈርና ዋልካ አለበት፤ ሁለቱም ያዦች ናቸው። ለአእምሮ እረፍት ውሃውን ላብራቶሪ ማስመርመር ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዩራኒየም ልክ በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ዩራኒየም ዋና ጉዳቱ በኩላሊት ላይ ነው፤ ከጨረሩ ይልቅ መርዝነቱ ይቀድማል። ማፍላት ዩራኒየምን አያወጣም። ውሃው ሲተን የቀረው እንዲያውም ይወፍራል። ማፍላት የሚያወጣው ራዶንን ነው፤ እሱ ጋዝ ስለሆነ በምንም ላይ አይጣበቅም፣ በ3.8 ቀን ደግሞ ግማሹ ይጠፋል። ማፍላት ግን አይቅር፤ የሚፈላው ለጀርም ነው።

ከዚያ እኔ በተራዬ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። "እማማ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?"

በእጃቸው አሳዩኝ። በእርምጃ ለካሁት። 18 እርምጃ። ያውም ከጉድጓዱ ላይኛ በኩል። ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ነበረበት፤ ድንጋዩ ስንጥቅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ።

ከሽንት ቤት የሚወጣው ናይትሬት እንደ አዮዲን ነው። ኔጋቲቭ ነው፣ ዋልካው አይይዘውም፣ ከውሃው እኩል ይሮጣል። ጀርሙም በስንጥቁ ይከተለዋል። ሌላም አለ። ናይትሬት እንደ ኦክሲጅን ሆኖ፣ ጠጣር ሆኖ የተቀመጠ ዩራኒየምን ሊያስነሳ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ላይ ከማዳበሪያ ብዛት ናይትሬት በበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ዩራኒየምም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ድንጋዩ ለዘመናት ይዞት የኖረውን ያስለቀቀው ሰው ከላይ የጣለው ነገር ነው።

እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው "ይሄ ሽንት ቤት ክረምት ሳይገባ ይነሳ" አሉት። አዲሱ የሽንት ቤት ጉድጓድ አሁን ከግቢው ታችኛ ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ተቆፍሯል። አሮጌው በኖራ ተሞልቶ ተደፍኗል። ነጭ ነገር ያለበትን ድንጋይ ደግሞ መስኮቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጠውታል።